አጥንት የበላው ግቢ

እኔ ሥጋ ቆራጭ ነኝ። ነበርኩ ልበል፣ እንዴት እንደተውኩት በኋላ ይመጣል። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ከዚያ ወዲህ ጽፌ ሰው ያነበበልኝ ነገር ቢኖር በሥጋ ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩት «ዛሬ አልቋል» የሚል ወረቀት ነው። ስለዚህ አንዱን አስቀድሜ ሌላውን ብረሳ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፣ ላብ ላብ ይለኛል። ይህችን ሴትዮ ግን አንድ ጊዜ ዝም ብዬ በድያታለሁ። ሁለተኛ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

ትውውቃችን በአጥንት ነው። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥጋው አልቆ የምቆርጥበትን ግንድ በጨው ስፈትግ፣ አምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ባለ አንድ ጎማ ጋሪ እየገፋች መጣች። የጎማ ቦቲ አድርጋለች፣ እስከ ክርኗ የሚደርስ የጎማ ጓንት አጥልቃለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«አጥንት አለህ?»

«አለ እናቴ። ለውሻ ነው?»

«ለመሬት ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። «መሬቱ ይናከሳል እንዴ?»

«ይናከሳል እንጂ» አለች፣ ፈገግ እንኳ ሳትል። «ልጄን ነክሶብኛል። ባሌን በልቶብኛል። አሁን ጥርሱን ላወልቅለት ነው። አለህ ወይስ የለህም?»

ጋሪዋን ሞላሁላት። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ቅዳሜ ትመጣለች፣ እኔም አስቀምጥላታለሁ። እውነቱን ለመናገር የሥጋ ቤቱ ባለቤት አጥንቱን ለአንድ ውሻ አርቢ እንድሰጥ ነበር ያዘዘኝ። ውሾቹ ጠግበው ነበር የሚያድሩት፣ እሷ ደግሞ የምትለምነኝ እንደ ሰው ነበር። ለባለቤቱ ሳልነግረው ቀረሁ። ሰፈሩ «እትዬ አጥንት» ይላታል። እኔም እንደዛው እላታለሁ፣ አትቆጣም።

ታሪኳን የነገረችኝ ጋሪዋ ላይ ተቀምጣ ነው። ባሏና የባሏ ወንድም ያረጀ የመኪና ባትሪ እየሰበሩ እርሳስ ያቀልጡ ነበር። እርሳስ ስል የሚጻፍበትን አይደለም፣ ከባዱን ብረት ነው። ባትሪውን በመጥረቢያ ይፈልጡታል፣ አሲዱን እዚያው ግቢው ውስጥ ይደፉታል፣ ከሆዱ የወጣውን የእርሳስ ሳህን በግማሽ በርሜል እሳት ላይ ያቀልጡታል። እሷም ትፈልጥ ነበር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ። ጓንቷን አውልቃ ክንዷን አሳየችኝ። ምስር የተበተነበት ይመስላል፣ አንድ አንዱ ጠባሳ የአሲድ ጠብታ ነው።

ዱላ ሳይኖር የሚመሽ ቀን አልነበረም አለችኝ። «ባሌ ስንጋባ በግ ነበር። ጭሱ ነው አውሬ ያደረገው፣ እርሳስ ሰውን እንደዛ እንደሚያደርግ የሰማሁት ከቀበርኩት በኋላ ነው። በበርጩማ መታኝ፣ በባትሪ ክዳን መታኝ፣ አንድ ቀን በገዛ ጫማዬ መታኝ። እኔስ ዝም አልኩ? ጆሮውን ነክሼ ግማሹን ላስቀር ነበር። ጠባሳውን እንደያዘ ነው መሬት የገባው።»

አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው። እዚያ አፈር ላይ ዳዴ አለች፣ እዚያው ተጫወተች፣ አፈሩንም እንደ ማንኛውም ሕፃን ቀመሰችው። በአራት ዓመቷ ሆዷን ይቆርጣት ጀመር። በስድስት ዓመቷ ምላሷን እየነከሰች መውደቅ ጀመረች። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መውደቁ ቆሟል፣ ግን ጆሮዋ በደንብ አይሰማም፣ ነገርም ቶሎ አይገባትም። ጠዋት የነገርኳትን ቀልድ ከሰዓት በኋላ ነው የምትስቅልኝ። ስትስቅ ግን ከልቧ ነው።

ባልየው የሞተው በዝናብ ወቅት ነው። እርጥብ ሳህን የቀለጠ እርሳስ ውስጥ አይጨመርም። ይህን የማያውቅ ቀላጭ የለም። የባሏ ወንድም ተቻኩሎ ጨመረው። በርሜሉ እንደ ቦምብ ጮኸ፣ የቀለጠው እርሳስ ባልየው ፊትና ደረት ላይ ተረጨ። «እየጮኸ ወደ እኔ ሮጠ» አለችኝ። «ውሃ ደፋሁበት። እርሳሱ ቆዳው ላይ ደረቀ። ስናነሳው ቆዳውም አብሮ ተነሳ።» ሦስት ቀን ጮኾ ሞተ። ጩኸቱን አጥሩ ማዶ ያለው የሕፃናት መዋያ ሁሉ ሰምቶታል፣ ሞግዚቶቹ ልጆቹን ዘፈን ያዘፍኗቸው ነበር፣ እንዳይሰሙት።

በተቀበረ ማግስት የባሏ ወንድም ሌላ በርሜል ጭኖ መጣ። ከዚህ በኋላ ቀላጩ እለዋለሁ፣ ሰፈሩም የሚለው እንደዚያ ነው። እትዬ አጥንት የሟቹን መጥረቢያ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«አንድ እግርህን ካስገባህ በአንድ እግርህ ነው የምትወጣው።»

«የወንድሜ ግቢ ነው፣ አንቺ ማን ነሽና?»

አስገባ። እሷም ሰነዘረች። እግሩን አልቆረጠችውም፣ ጫማውን ግን ከነሁለት ጣቱ ቆረጠችው። ሦስት ወር ታስራ ወጣች። እሱ ዛሬም ያነክሳል። ይህን ስትነግረኝ አልኮራችም፣ አልተጸጸተችም። «ሁለት ጣት ለአንድ ሰፈር ሕፃን ብዙ አይደለም» ብቻ ነው ያለችው።

ነገሩ አስተዳደሩ ዘንድ ደረሰ። የአፈር ባለሙያ ተላከች፣ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ናት። አፈሩን በከረጢት ወስዳ አስመረመረችና ልጅ እዚያ ግቢ እንዳይገባ አለች። አስተዳደሩም ሁለት ዓመት ሰጠ። በሁለት ዓመት ውስጥ እትዬ አጥንት አፈሩን ካከመችው ግቢው የእሷና የልጇ ይሆናል። ካላከመችው ግማሹ ድርሻ የቀላጩ ስለሆነ እሱ ይረከበዋል። እሱ ደግሞ ሦስት አዳዲስ በርሜል ገዝቶ ቀኑን ይጠብቅ ነበር። ምድጃው ያለው ከሕፃናት መዋያው አጥር ሥር ነው። ንፋሱም የሚነፍሰው ወደዚያው ነው።

አጥንቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያዋ እንዳስረዳቻት እርሳስ ከመሬት አይጠፋም፣ ግን አጥንት ይወዳል። የልጅ አጥንት ካገኘ የልጅ አጥንት ውስጥ ይገባል። የከብት አጥንት ዱቄት አፈሩ ውስጥ ካገኘ ደግሞ እሱን ይይዝና እንደ ድንጋይ ይሆናል፣ ሰው ሆድ ቢገባ እንኳ አይለቅም። እትዬ አጥንት ይህን ስትሰማ አለቀሰች። «ለካ የልጄን አጥንት ይበላ የነበረው ሌላ አጥንት የሚሰጠው አጥቶ ነው» አለች።

አሠራሯ እንዲህ ነው። አጥንቱን ትቀቅላለች፣ ስቡን ትገፍፋለች፣ ቆርቆሮ ላይ ታደርቃለች። ከዚያ ትቀጠቅጣለች። ወፍጮ ቤቱ ስለተጸየፈባት በብረት ዘነዘና ነው የምትወቅጠው፣ ትልልቁን የምትሰባብረው ደግሞ ባትሪ ትፈልጥበት በነበረው በዚያው መጥረቢያ ነው። አሲዱን ለማብረድ ኖራ ትበትናለች፣ የአጥንቱን ዱቄትና የከብት ፍግ ከአፈሩ ጋር እየገለበጠች ታዋህዳለች፣ አቧራ እንዳይነሳ ውሃ ትረጫለች፣ በላዩ ሣር ትተክላለች። ስትወጣ በሩ ላይ ቦቲዋን ታጥባለች። ሌላ ሰውም ቢሆን ያንን ግቢ ረግጦ ሳይታጠብ አይወጣም። ሣሩን መርዝ ይኖረዋል ብላ ከብት አታስበላም፣ የሰፈሩን ከብቶች በድንጋይ ነው የምታባርረው። በዚህ ብዙ ሰው ጠመዳት።

አንድ ነገር ስለ እኔ ልጨምር፣ በኋላ ያስፈልጋል። መጥረቢያዬ አፉ ላይ ትንሽ ተሸርፎ ነበር። በቆረጥኩት አጥንት ሁሉ ላይ አንድ ቀጭን ጭረት ይተዋል። ባለቤቱ «አስሞርደው» እያለ ይጨቀጭቀኝ ነበር፣ እኔ ስንፍና ይዞኝ ዛሬ ነገ እላለሁ።

ቀኑ ሊሞላ አንድ ወር ሲቀረው ቀላጩ ወሬ ጀመረ። ሻይ ቤት ተቀምጦ ነው የሚነዛው፣ ቀኝ እጁ ከአንጓው እየተንጠለጠለ ብርጭቆ ይጥልበታል፣ እሱ ግን ወሬውን አይጥልም። «አጥንት የምትቀብረው ምን ልታደርግ ነው? ማን አይቷታል ከየት እንደምታመጣው? ባለፈው የጠፋው ሽማግሌስ?» ሽማግሌው ልጁ ዘንድ ሄዶ ነበር፣ ግን ይህን ማን ያጣራል? ወሬው እየዞረ መጣና እኔው ሱቅ ደረሰ። ሰምቼ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

እሑድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ በሩን ሰብረው ገቡ። ሠላሳ ሰው ይሆናል። ሁካታውን ሰምቼ ከባለቤቱ ጋር ሄድን። ስንደርስ አካፋ ይዘው ሣሩን እየገነጠሉ ነው። ውሻ እንዳይጎትተው ቀብራ ያቆየችው፣ ገና ያልተቀጠቀጠ አንድ ጉድጓድ ሙሉ ቅልጥም አገኙ። እንቁላል ሻጯ፣ የቅርብ ጎረቤቷ፣ አንዱን አንስታ ወደ ላይ ያዘች።

«የሰው ነው! እዩት፣ የሰው ነው!»

«የከብት ነው አንቺ ደንቆሮ!» አለች እትዬ አጥንት። «ሰው እንዲህ ያለ ቅልጥም ቢኖረው አንቺን በአንድ እርግጫ ሰማይ ያደርስሽ ነበር!»

አንዳንዱ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ፣ ድንጋይ ተወረወረ። ግንባሯን መታት፣ ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ቀላጩ የአካፋ እጀታ ይዞ ፊቷ ቆመ።

«ከየት ነው ያመጣሽው? ተናገሪ!»

ደሙን በጓንቷ ጠርጋ ሕዝቡን አየች። እኔን አገኘችኝ። «ያ ሰው ያውቃል» አለች።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ባለቤቱ ጎኔ ነው፣ ትንፋሹ ይሰማኛል። አፌ ተሳሰረ። «ከኛ ሱቅ ነው» ማለት የአራት ዓመት ሕፃንም ይችላል። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ቀላጩ እጀታውን በሁለት እጁ አንስቶ ክንዷ ላይ አሳረፈው።

እኔ አጥንት ሲሰበር ስሰማ ነው የኖርኩት። የጎድኑን ድምፅ፣ የታፋውን ድምፅ ሳላይ እለየዋለሁ። ያ ድምፅ ከክርን በታች ያለው ነው፣ ሁለቱም። እሷ አልጮኸችም። የጮኸችው ልጇ ናት። የኖራ ባልዲ ይዛ ከጓዳ ወጥታ ቀላጩ ፊት ላይ ደፋችበት። ዓይኑን ይዞ እየተንደባለለ ሲያጓራ ሌላ ሰው ልጅቷን በጸጉሯ ጎትቶ ጣላት፣ እንቁላል ሻጯ በእግሯ ረገጠቻት። እትዬ አጥንት በተሰበረ ክንዷ ልጇ ላይ ወደቀችና ሸፈነቻት። ድንጋዩ እሷ ጀርባ ላይ ያርፍ ጀመር።

ያኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ራሴን ጉድጓዱ ውስጥ አገኘሁት። አንድ ቅልጥም አንስቼ ጮኽኩ፣ ድምፄ የሴት ይመስል ነበር አሉኝ በኋላ።

«የኔ ነው! እኔ ነኝ የቆረጥኩት! ጭረቱን እዩት!»

ማንም አልሰማኝም። ሁለተኛውን አነሳሁ፣ ሦስተኛውን። አንዱን እንቁላል ሻጯ እጅ ውስጥ አስገባሁት፣ አንዱን ድንጋይ ሊወረውር ላለው ሰውዬ። «ቤታችሁ ያለውን አጥንት አውጡና አስተያዩት! ከእኔ ያልገዛ ማን ነው? ሁሉም ላይ ጭረት አለ! የበሬ ቅልጥም ነው፣ ማክሰኞና ቅዳሜ በእጄ ጋሪዋን ሞልቼ የምሰጣት!» ከመጥረቢያዬ ጋር የተጣላ የሚመስለው ባለቤቱ እንኳ አንዱን ተቀብሎ ጭረቱን በጥፍሩ ዳሰሰ። «የእሱ ነው» አለ። «ይሄ የማይረባ መጥረቢያው ነው።»

እጆች እየወረዱ መጡ። ቀላጩ ግን ኖራው ዓይኑን እያቃጠለው፣ እንባና ንፍጡ ተቀላቅሎ፣ ድምፄን ተከትሎ መጣና በእጀታው አፌን አገኘኝ። ሦስት ጥርሴ እዚያ ግቢ ነው የቀረው። እኔም በያዝኩት ቅልጥም ጆሮ ግንዱን መታሁት፣ ሲወድቅ ላዩ ላይ ወጥቼ ደገምኩት፣ ሰለስኩት። ሰው ባይጎትተኝ ዛሬ የምጽፈው ከእስር ቤት ነበር። በሕይወቴ ሰው መትቼ አላውቅም ነበር። ደስ ማለቱ ነው ያስፈራኝ።

ባለቤቱ በማግስቱ አባረረኝ። አልፈረድኩበትም።

እትዬ አጥንት ክንዷ በጄሶ ታስሮ ስትመለስ በሩ ላይ ጠበቅኋት። ጥርስ የሌለው አፌን ይዤ «እትዬ፣ ይቅርታ» ልላት ስሞክር አንደበቴ ተኮላተፈ።

«ቀድመህ ብትናገር ክንዴም ጥርስህም ይተርፍ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«እንግዲህ ዘነዘናው እዚያ ነው። ክንድ የለኝም።»

ይቅር አለችኝ አላለችኝ እስካሁን አላውቅም። ወቀጥኩ። የተገለበጠውን አፈር ከልጇ ጋር ሆነን መለስነው፣ ኖራ ጨመርን፣ አጥንት ጨመርን፣ ሣሩን እንደገና ተከልን። መዳፌ ተልጦ ዘነዘናው በደም ይሙለጨለጭ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እንቁላል ሻጯ አንድ ጆንያ የዶሮ ኩስ ተሸክማ መጥታ በሩ ላይ ጣለችው። ዓይኗን አላነሳችም። «ለአፈር ይሆናል ሲሉ ሰምቼ ነው» አለች። እትዬ አጥንት ልጇን ጠርታ፣ የተረገጠችበትን ቦታ ገልጣ ለእንቁላል ሻጯ አሳየቻት። ገና እንደበለዘ ነበር። ከዚያ «አስገቢው፣ ቦቲ ግን አድርጊ» አለቻት።

ባለሙያዋ መጥታ ከአራቱም ማዕዘን አፈር ወሰደች። ውጤቱ አሥራ አምስት ቀን ቆየ። እትዬ አጥንት በነዚያ ቀናት ምግብ አልበላ ብሏት ጉንጯ ገባ። ቀላጩ ደግሞ ሦስቱን በርሜል አምጥቶ ከበሩ ውጭ ደረደራቸው። «ለማንኛውም ቅርብ ይሁኑ» ይላል ላለፈው ላገደመው።

ውጤቱ ሲመጣ ሁላችንም በሩ ላይ ነበርን። ሦስቱ ማዕዘን ታክሟል፣ በሕፃናት መዋያው በኩል ካሉት ከሁለቱ አንዱም ጭምር። ምድጃው የነበረበት ሥፍራ ግን እምቢ ብሏል፣ እርሳሱ እዚያ አፈር ሳይሆን ራሱ መሬቱ ሆኗል። ባለሙያዋ አንድ ክንድ ያህል ተቆፍሮ፣ ተዘግቶ ይወሰድ አለች። የአስተዳደሩ ሰው ወረቀቱን አገላብጦ አገላብጦ «ቀሪው ተቆፍሮ የሚወሰድ ከሆነ ግቢው የሴትዮዋ ነው» አለ።

ቀላጩ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ በርሜሎቹን ካመጣበት መኪና መጥረቢያ አውጥቶ በሩን ይመታው ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ብረቱ ተቀደደ። እኔ ወደ እሱ ስራመድ እትዬ አጥንት በደህናው ክንዷ ያዘችኝ። ሦስተኛውን ሲያነሳ ቀኝ እጁ ከአንጓው ታጠፈ። መጥረቢያው ከእጁ አመለጠና ጭቃ ላይ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ አለ፣ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። እንደገና ሞከረ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ያየዋል።

«እርሳሱ ነው» አለችው። «ወንድምህም መጀመሪያ እንደዛ ነበር ያደረገው። ግባና ታጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ሂድ።»

ፊቷ ላይ ተፋ። እያነከሰ ሄደ።

ምራቁን ጠረገችና በርሜሎቹን አየቻቸው። አዲስ ናቸው፣ ክዳን አላቸው። «ተዘግቶ ይወሰድ ያልሽው እንዲህ ባለ ነገር ነው?» አለቻት ባለሙያዋን። ባለሙያዋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። በሳምንቱ የምድጃውን አፈር ሞላንባቸው።

አሁን የምለምናችሁ ነገር አለ። ሂዱና እዩዋት። ከጎማ ጥገናው ጀርባ፣ ሁለት ቦታ በመጥረቢያ የተቀደደ ሰማያዊ የብረት በር ነው፣ አልጠገነችውም። በኃይል አንኳኩ፣ ልጇ ቶሎ አትሰማም። የሚታጠቡበት ባልዲ በሩ ጋ አለ፣ ስትወጡ ጫማችሁን እጠቡ። ሣሩን አትንቀሉ፣ ክንዷ ድኗል፣ ድንጋይም ትወረውራለች። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ ከየትኛውም ሥጋ ቤት አጥንት ያዙ። ለልጅቷም ቀልድ ንገሯት። ካልሳቀች እንዳይከፋችሁ፣ ትንሽ ቆዩ።